ዋና አባትና ምንዝር አባት
ስለ ቋንቋዎች ዝምድና ጅጋ ላይ የተደረገ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



ከጅጋ ተነሥቶ ወደ ባሕር ዳር በሚሄድ ሚኒባስ የተሳፈረ ሰው ፍኖተ ሰላምን፣ ማንኩሳንና ቡሬን አልፎ ወደ ጥሊሊ ሲቃረብ ጆሮው አንድ ለውጥ ይሰማል። ረዳቱ ሒሳብ የሚሰበስበው በአማርኛ ነው። ከኋላ የተቀመጡት ሁለት እናቶች ግን ስለ ገበያው የሚጨዋወቱት በሌላ ቋንቋ ነው። ከአፍንጫ የሚወጣ፣ አማርኛ የሌለው ድምፅ አለበት። እነሱ ራሳቸው የቋንቋቸውን ስም ሲጽፉ «አውጚ» ይላሉ፤ ያቺ «ጚ» የተቀረጸችው ለዚያ ድምፅ ነው። እንጅባራ ሲደርሱ ወርደው ይሄዳሉ፤ ሚኒባሱ ደግሞ እንደገና በአማርኛ ይሞላል።

እኔ ይህን መንገድ በሄድሁ ቁጥር የሚመላለስብኝ ጥያቄ ነው ዛሬ ይዤላችሁ የመጣሁት። በአንድ መኪና የሚሄዱት እነዚህ ሁለት ቋንቋዎች ምንና ምን ናቸው? ዘመድ ናቸው ወይስ ጎረቤት? ግዕዝስ ለአማርኛ እናቱ ነው ወይስ አክስቱ? ደግሞ በዚሁ በዳሞት ምድር ይነገር የነበረው፣ ዛሬ አንድም ሰው የማይናገረው ጋፋትኛ፣ የማን ወገን ነበር?

የአውሮፓ ሊቃውንት እንዲህ ያለውን ጥያቄ ስለ ኬልቲክና ኢታሊክ ቋንቋዎች ከመቶ ስድሳ ዓመት በላይ ሲሟገቱበት ኖረዋል። ከዚያ ሙግት ለእኛ የሚጠቅም አለ ብዬ ስለማምን ከእሱ እጀምራለሁ። ዓመተ ምሕረት እያልሁ ካላስጠነቀቅኋችሁ በቀር የምጠራቸው ዘመናት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን ለመረዳት ግን ጎጃሜ ለሆነ ሰው ከርስት ሙግት የተሻለ መግቢያ የለም። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በፊት የነበረውን የምታስታውሱ አባቶች እዚህ ተቀምጣችኋል። አለን ሆበን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ከእኛ ብዙም ሳይርቅ ደጋ ዳሞት ተቀምጦ ይህን ሥርዓት አጥንቶ በ1973 መጽሐፍ አሳትሞበታል። ርስት የሚጠይቅ ሰው ከራሱ ጀምሮ በአባቱም በእናቱም በኩል ወደ ላይ ይቆጥራል፤ ምድሩን መጀመሪያ እስከያዘው እስከ ዋና አባት ድረስ። ከዋና አባት ልጆች ደግሞ ምንዝር አባቶች አሉ፤ መሬቱ የሚመደበው በእነሱ ስም ነው። ታዲያ አንድ ሰው ሸንጎ ቆሞ «መልኬ የእገሌን ወገን ይመስላል፤ ስለዚህ ድርሻ ይገባኛል» ቢል ማን ይሰማዋል? መልክ አያወርስም። ትውልድን አንድ በአንድ መቁጠር፣ በየት በኩል እንደተወለዱ ማሳየት ያስፈልጋል። የቋንቋ ሊቃውንትም ሕጋቸው ይኸው ነው።

ኬልቲክ የምንላቸው ቋንቋዎች ዛሬ በአውሮፓ ምዕራብ ዳርቻ ነው የቀሩት፤ አይሪሽ፣ የስኮትላንድ ጌሊክ፣ ዌልሽ፣ ብሬቶን። የዛሬ ሁለት ሺህ ዓመት ግን ዘመዶቻቸው ዛሬ ፈረንሳይ፣ ሰሜን ጣሊያንና ስፔን በምንላቸው አገሮች ይነገሩ ነበር። ኢታሊክ የሚባሉት ላቲን፣ ኦስካን፣ ኡምብሪያንና ሌሎችም ናቸው። ከእነዚህ የተረፈው ላቲን ብቻ ነው፤ ጣሊያንኛ፣ ፈረንሳይኛና ስፓኒሽ የእሱ ልጆች ናቸው። ሁለቱም ቤቶች ህንዶ-አውሮፓዊ ከሚባለው ከአንድ ዋና አባት እንደወረዱ የሚጠራጠር የለም። ሙግቱ ከዋናው በታች ነው። ኬልቲክና ኢታሊክ ምንዝር አባታቸው አንድ ነው ወይ? ከሌሎቹ ተለይተው ለጥቂት ዘመን እንኳ በአንድ ቤት አብረው ኖረዋል ወይ?

ኖረዋል የሚሉት ከ1861 ጀምሮ ማስረጃ አቀረቡ። ከሁሉ የሚጥመኝን ላሳያችሁ። «አምስት» የሚለው ቁጥር በጥንቱ አባት ቋንቋ በ«ፐ» ይጀምር ነበር፤ በግሪክ «ፔንቴ»፣ በሳንስክሪት «ፓንቻ» ሆኖ ቀርቷል። ላቲን ግን «ክዊንክዌ» ይላል፤ የጥንቱ አይሪሽም «ኮይክ»። ምን ሆነ? የቃሉ ሁለተኛ ክፍል ላይ ያለው «ኰ» የመጀመሪያውን «ፐ» ወደ ራሱ ሳበው። በድምፅ ተፈጥሮ እንዲህ ያለ ነገር የግድ መሆን የለበትም፤ ግሪኩ ያለ እሱ ኖሯል። ሁለት ቋንቋዎች ይህንን የተለየ ነገር አብረው ካደረጉት አንድ ቤት ሳሉ አድርገውት ይሆናል። ሌላም አለ። ላቲን «የሰውዬው» ለማለት የቃሉን መጨረሻ በረጅም «ኢ» ይዘጋል፤ አየርላንድ ውስጥ የቆሙ የጥንት መቃብር ድንጋዮችም «የእገሌ ልጅ» ሲሉ በዚያችው «ኢ» ይዘጋሉ። «ከሁሉ የሚበልጥ» ለማለት የሚጨምሩት ቅጥያም አንድ ነው።

ከዚያ ደግሞ የፈረሰ ማስረጃ አለ፤ እኔ ከቆመው ይልቅ ይበልጥ የተማርሁት ከፈረሰው ነው። ላቲንና አይሪሽ ተደራጊ ግስን የሚዘጉት በ«ር» ነው። ግሪክም ሳንስክሪትም ይህ የላቸውም። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ «ር»ዋ የአንድ ምንዝር አባት ዋና ምስክር ሆና ቆመች። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ግን ከሩቅ ምሥራቅ፣ ዛሬ ቻይና ውስጥ ካለ በረሃ፣ ቶካሪያን የተባለ የጠፋ ቋንቋ ጽሑፍ ተገኘ። በ1915 ደግሞ ቱርክ ውስጥ በሸክላ ላይ ተጽፎ የተገኘው ሂታይት ምሥጢሩ ተፈታ። ሁለቱም ያችን «ር» ይዘዋል። እንግዲህ «ር» ኬልቲክና ኢታሊክ አብረው የፈጠሯት አይደለችም፤ ከዋናው አባት የወረሷት ናት፤ ሌሎቹ ጣሏት፣ ዳርና ዳር ያሉት አቆዩአት። ከሩቅ አገር የመጣ ምስክር «ይህማ እኛም ቤት ነበር» ብሎ ሙግቱን ቀየረው።

ሕጉ እንግዲህ ይህ ነው፤ አብረው ያቆዩት አሮጌ ነገር ሁለት ሰዎችን ወንድማማች አያደርግም፤ አብረው የፈጠሩት አዲስ ነገር ነው የሚያደርገው። አያታችን የተወልንን ጋሻ እኔም የአጎቴ ልጅም ልንይዘው እንችላለን። ካልቨርት ዋትኪንስ የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ በዚህ ሕግ በ1966 የኢታሎ-ኬልቲክን ነገር ክፉኛ ነቀፈው። ከዚያ ወዲህ ብዙዎች ተመልሰው በጥንቃቄ ተቀብለውታል። እኔም ሚዛኑ ወደ እነሱ ያጋድልብኛል፤ የ«አምስት» ነገር በቀላሉ የሚታለፍ አይመስለኝም። ግን አብረው የኖሩበት ዘመን ካለ አጭር ነበር ማለት ነው።

ነገሩን የሚያወሳስብ አንድ ጉዳይ ጨምሬ ወደ አገሬ ልመለስ። «አራት» በላቲን «ክዋቱኦር»፣ በአይሪሽ በ«ከ» የሚጀምር ነው። ጎረቤታቸው ኦስካን ግን «ፔቶራ»፣ ዌልሽም «ፔድዋር» ይላል። ከኢታሊክም ከኬልቲክም ቤት አንዱ ወገን «ኰ»ን ወደ «ፐ» ለወጠ፤ ሌላው አልለወጠም። መልክ ብቻ የሚያይ ሰው ኦስካንን ከዌልሽ፣ ላቲንን ከአይሪሽ ሊያጋባ ይችላል። የሚያውቁት ግን ለውጡ በየቤቱ ለየብቻ የተደረገ ነው ይላሉ። አዲስ የተፈጠረ ነገር እንኳ ቀላል ከሆነ ሁለት ጊዜ ሊፈጠር ይችላልና።

አሁን ወደ ራሳችን።

የአማርኛንና የግዕዝን ዝምድና በመጽሐፍ ለዓለም ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ ነው። መምህሩ የአምሐራ ሰው የሆኑት አባ ጎርጎርዮስ ነበሩ፤ ሮም ላይ በ1649 ተገናኙ፤ አባ በ1652 ጎታ ድረስ ሄደው አስተማሩት። የሉዶልፍ የአማርኛ ሰዋስው በ1698 ታተመ። ያ መጽሐፍ ያለ አባ ጎርጎርዮስ አይኖርም ነበር፤ ስማቸው ከእሱ ስም እኩል መጠራት አለበት ብዬ አምናለሁ።

ብዙዎቻችን ያደግነው «ግዕዝ የአማርኛ እናት ነው» ሲባል እየሰማን ነው። በክብር ከሆነ እናት ነው፤ ጽሕፈቱን፣ ጸሎቱን፣ ቅኔውን የሰጠን እሱ ነው። በትውልድ ቆጠራ ግን አማርኛ የግዕዝ ልጅ ሳይሆን የግዕዝ እህት ልጅ ነው የሚለው ያሸንፋል። አንድ ምስክር ላቅርብ። ግዕዝ ግስን የሚያፈርሰው በ«ኢ» ነው፤ «ኢመጽአ»። አማርኛ «አልመጣም» ይላል። «አል» ከየት መጣ? ግዕዝ ራሱ «አልቦ» ሲል «አል» አለችበት፤ የጥንቱን ማፍረሻ በዚያች ቃል ውስጥ አስቀርቶ ከግሶቹ ላይ አውርዶታል። አማርኛ ግን ከግሱ ላይ አላወረደውም። ልጅ እናቷ የጣለችውን ከየት ታገኘዋለች? ከአያቷ ቤት፣ በሌላ በኩል።

የቆሎ ተማሪ የነበራችሁ ሁለተኛውን ምስክር በጆሮአችሁ ታውቁታላችሁ። በግዕዝ «ሰበረ» ስንል «በ» ይላላል፤ «ይሰብር» ስንል ይጠብቃል። መሪጌታ ያጠበቀውን ያላላ፣ ያላላውን ያጠበቀ ተማሪ ምን እንደሚደርስበት ታስታውሳላችሁ። አማርኛ በትክክል ግልባጩ ነው፤ «ሰበረ» ይጠብቃል፣ «ይሰብራል» ይላላል። ልጁ ከቤቱ አማርኛ ይዞት የመጣውን ጥብቀት ግዕዙ ላይ ሲያደርግ ነው የሚመታው። እኔም ተመትቼበታለሁ፤ የተሳሳትሁት ግን የቤቴን ቋንቋ ሕግ አክብሬ ነበር።

የአገውስ ነገር? አውጚ፣ የሰቆጣው ኽምጣንጋ፣ የከረኑ ብሊንና ሊጠፋ የተቃረበው ቅማንትኛ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ ኩሻዊ ይባላሉ። አማርኛና ግዕዝ ሴማዊ ናቸው። ሁለቱ ቤቶች አፍሮ-እስያዊ በሚባለው እጅግ ሩቅ በሆነ ዋና አባት ይገናኛሉ። ዝምድናው እሙን ነው፤ ግን እጅግ የራቀ ነው። ዛሬ አማርኛና አውጚ የሚመሳሰሉበት ብዙው ነገር የመጣው ከዚያ ሩቅ አባት አይደለም። ከጉርብትና፣ ከጋብቻ፣ ከአንድ ገበያ ነው።

የዞናችንን ከተማ ስም ልብ በሉት፤ ፍኖተ ሰላም። ግዕዝ ነው። «ፍኖት» መንገድ፣ ቀድሞ ይመጣል፤ «ሰላም» ይከተላል። አማርኛ «የሰላም መንገድ» ብሎ ይገለብጠዋል፤ ባለቤቱ ከፊት፣ የተያዘው ከኋላ። ግዕዝ «ሖረ ንጉሥ» ሲል ግሱን ያስቀድማል፤ አማርኛ «ንጉሡ ሄደ» ብሎ ግሱን መጨረሻ ያስቀምጠዋል። አውጚም ባለቤቱን ከፊት፣ ግሱን ከኋላ ያደርጋል። አማርኛ አጥንቱ ሴማዊ ሆኖ የዓረፍተ ነገሩን አካሄድ የተማረው ከአገው ጋር ሲኖር ነው። የሥጋ ልጅ ባይሆንም የጡት ልጅ ነው። በእኛ ባህል የጡት ልጅነት ቀላል ነገር አይደለም፤ ስለዚህ ይህን ስል አገውን ዝቅ ማድረጌ እንዳይመስላችሁ። ጡት ያጠባን ቋንቋ አጠገባችን ቁጭ ብሎ ሳለ ስንቶቻችን አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ አልተማርንበትም። ይህ ያሳዝነኛል።

የሚገርመው አይሪሽና ዌልሽም እንደ ግዕዝ ግስን ያስቀድማሉ። ጆን ሞሪስ-ጆንስ የተባለ የዌልስ ሊቅ በ1900 ይህን አይቶ፣ ኬልቶች ሳይመጡ በብሪታንያ የነበሩት ሰዎች የግብፅና የሰሜን አፍሪካ ቋንቋዎችን ዘመድ ይናገሩ ነበር የሚል ሐሳብ አቀረበ። ብዙዎች ዛሬ አይቀበሉትም። የቃላት አሰላለፍ እየተለዋወጠ የሚሄድ ነገር ነው፤ አማርኛ ራሱ ለውጦታል። በእሱ ብቻ ዘር መቁጠር አይቻልም።

የመጣሁበት ዋና ጉዳይ ግን ጋፋት ነው።

ዳሞት በጥንት ከዓባይ ማዶ፣ በስተ ደቡብ ነበረ። ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የኦሮሞ ሕዝብ ሲስፋፋ የዳሞትና የጋፋት ሰዎች ወደዚህ ወደ ጎጃም ተሻገሩ፤ ስማቸውንም ይዘው መጡ። ዛሬ ዳሞት ስንል የምናስበው ይህንን ደጋና ቆላ ነው። ቋንቋቸውም አብሯቸው መጣ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በኅዳር 1770 ከዚህ በስተ ሰሜን ግሽ ዓባይ የዓባይን ምንጭ ያየ ጊዜ ጋፋትኛ ገና ሕያው ነበር። ብሩስ መኃልየ መኃልይን በአገራችን በርካታ ቋንቋዎች አስተርጉሟል፤ ከእነዚያም መካከል የዳሞት አገውኛና ጋፋትኛ ይገኙበታል። ያ የእጅ ጽሑፍ ዛሬ ኦክስፎርድ፣ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። በ1840ዎቹ ቻርልስ ቢክ የተባለ እንግሊዛዊ ጎጃም ውስጥ ጥቂት ቃላት ለቀመ። ከዚያ በኋላ መቶ ዓመት ዝምታ ነው።

የቋንቋ ሊቁ ቮልፍ ሌስላው የኦክስፎርዱን ጽሑፍ አጥንቶ በ1945 አሳተመ። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ1947፣ ራሱ ጎጃም መጣ፤ የሚናገር ቀርቶ እንደሆነ ሊፈልግ። አራት ሰዎች አገኘ። አራት ብቻ። ከእነሱ አፍ የጻፈውን በ1956 በመጽሐፍ አወጣው። ስለ ጋፋትኛ የምናውቀው ከሞላ ጎደል ሁሉ ከብሩስ ጽሑፍና ከእነዚያ አራት ሰዎች ነው። እስቲ አስቡት፤ እነዚያ አራቱ ሲሞቱ እዚህ ካላችሁት አንዳንዶቻችሁ ሕፃናት ሳትሆኑ አልቀራችሁም።

ሮበርት ሄትዝሮን አውጚን ያጠና ሰው ነው፤ የግሱን ሥርዓት በ1969 መጽሐፍ አድርጎታል። በ1972 ደግሞ የኢትዮጵያን ሴማዊ ቋንቋዎች ያንኑ ሕግ ይዞ፣ አብረው በፈጠሩት እየመዘነ፣ በየምንዝር አባታቸው መደባቸው። ጋፋትኛን ከጎረቤቱ ከጎጃም አማርኛ ጋር አላስቀመጠውም። ያስቀመጠው ከክስታኔ ጋር ነው፤ ከዓባይ ማዶ፣ ከአዋሽም ማዶ ካለው የሶዶ ጉራጌ ቋንቋ ጋር። የዋናውን ዓረፍተ ነገር ግስ የሚዘጉበት ምልክት አንድ ሆኖ ስላገኘው ነው። አማርኛ ግን ከአርጎብኛ፣ ከዚያም ራቅ ብሎ ከሐረሪ ወገን ሆነ። በመቶ የሚቆጠሩ ዓመታት በአንድ ቀዬ የኖሩት አማርኛና ጋፋትኛ ወንድማማች አይደሉም፤ የጋፋትኛ ወንድም ቡታጅራ መንገድ ላይ ነው ያለው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር፤ በዘመናችን «ዘር» የሚለው ቃል ብዙ ሰው አቁስሏልና። የቋንቋ ትውልድ የሰው ትውልድ አይደለም። ጋፋትኛ ጠፋ እንጂ ጋፋት አልጠፋም። የእነዚያ ሰዎች ልጆች አማርኛ እየተናገሩ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ምናልባት እኔም አንዱ ነኝ። ኦስካን ተናጋሪውም አንድ ቀን ልጁን በላቲን አስተኛው፤ ሰውየው ግን አልሞተም። በአይል ኦቭ ማን ደሴት ይነገር የነበረው የማንክስ ቋንቋ የመጨረሻው ተወላጅ ተናጋሪ ኔድ ማድሬል በ1974 ሲያርፍ ጎረቤቶቹ የዚያው ሕዝብ ልጆች ነበሩ፤ ቋንቋቸው ግን እንግሊዝኛ ሆኖ ነበር። ለእሱ የድምፅ ማሽን ደርሶለታል፤ ተቀርጿል። ለጋፋትኛ ግን የተቀረጸ ድምፅ መኖሩን አላውቅም።

ከጠፋ ቋንቋ የመጨረሻ ሆኖ የሚቀረው ምንድን ነው ብትሉኝ፣ የቦታ ስም ነው። ፈረንሳይ ውስጥ የነበረው ጎላዊ ኬልቲክ ከተረሳ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የጣሊያኗ ሚላን ግን እስከ ዛሬ የኬልቶችን ስም ተሸክማ አለች፤ በጥንት ስሟ ሜዲዮላኑም ነበረች፤ የፈረንሳዩ ሊዮንም ሉግዱኑም ነበረ። የሚናገሩት ሰዎች ትርጉሙን ሳያውቁት ስሙን ለልጅ ልጅ አቀበሉት። እረኛ ከብት ሲመልስ የሚጠራው የጅረት ስም፣ የማሳ ስም፣ የገደል ስም ከመጽሐፍ የጸና ሆኖ ይገኛል።

ስለዚህ ከበሩ አጠገብ፣ ጠረጴዛው ላይ ሦስት ደብተሮች አስቀምጫለሁ፤ እስክሪብቶም አለ። ከጅጋ ወደ ዓባይ በሚወርዱት ቀበሌዎች ያደጋችሁ፣ በአማርኛ ምን ማለት እንደሆነ የማይገባችሁን የምንጭ፣ የጅረት፣ የማሳ፣ የጉብታ ስም አንድ በአንድ ጻፉልኝ፤ አያታችሁ ሲያጠብቁት ነበር ወይስ ሲያላሉት፣ እሱንም ምልክት አድርጉበት። መጻፍ የማትችሉ እናቶችና አባቶች፣ ተማሪዎቹ አጠገባችሁ ይቀመጣሉ፤ ንገሯቸው፤ እነሱ ይጽፋሉ።